የዩዶራ እርሾ

"እዚህ ውስጥ የነበረውስ?" ዩዶራ ባዶውን ባልዲ ገልብጣ አራገፈችው። ጠብ ያለ ነገር የለም።

ወጣቱ ስኪት ከአባቱ በወረሰው የጨርቅ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ እጁን ይጠርጋል። "ያ የገማ ውሃ ነው? ደፋሁት። ደንበኛ አፍንጫውን ይዞ እየገባ!"

"የገማ ውሃ! የአያቴን እርሾ ነው የደፋኸው፣ አንተ ጉድ!"

ዩዶራ በሱቁ በረንዳ ጥላ ሥር የምትሸጠው ሞቢ ከዛፍ ቅርፊት የሚጠነሰስ መጠጥ ነው፤ እርሾ ካልገባበት መራራ የቅርፊት ፍል ውሃ ሆኖ ይቀራል፤ የብሪጅታውን ከተማ ሰው ምላስ ደግሞ አይታለልም። ከየጥንስሱ ጥቂት እያስቀሩ ቀጣዩን መጠንሰስ እናት ለልጅ ስታወርሰው የኖረ ሙያ ነበር። ያ ሁሉ ዛሬ ጠዋት ቦይ ገባ።

ስኪት ትንሽ ደነገጠ፤ ድንጋጤው ግን አልቆየም። "ነገ ቅዳሜ ገበያ ነው። የምትሸጪው ከሌለሽ በረንዳው ሥር የለስላሳ ማቀዝቀዣ አቆምበታለሁ።" አባቱ ቢሆኑ እንዲህ አይሉም ነበር፤ የዩዶራን ሞቢ ሳይቀምሱ ሱቃቸውን ከፍተው አያውቁም።

ያ እርሾ ያላት ሌላ ሴት አንዲት ብቻ ናት፤ ከመንገዱ ማዶ ፀሐይ ላይ ሞቢ የምትሸጠው ቪዮላ። "ከእናቴ ጓዳ ሰርቃ ነው" እያለች ዩዶራ በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ "ሌባዋ" ነው የምትላት። ኩራቷን ዋጥ አድርጋ መንገዱን ተሻገረች።

"ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?" አለች ቪዮላ። "ሌባ ዘንድ ምን እግር ጣለሽ?"

"አፌን ቁርጥ ያርገው። እርሾዬን ደፉብኝ።"

"አይ አንቺ! እናትሽ ናቸው በእጃቸው የሰጡኝ። 'የእኔ የጠፋ ቀን ካንቺ አላጣውም' ብለው። መቼ ጠየቅሽኝና!" እየሰደበቻት፣ እየሳቀች አንድ ጠርሙስ እርሾ እስከ አፉ ሞላችላት።

በዚያ እርሾ ማታውኑ የተጠነሰሰው የዩዶራ ሞቢ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አረፋ ደፍቆ ተገኘ። አረፋው እንዲነሣ ክንዷን ወደ ላይ ዘርግታ ስትቀዳ ሰልፉ የሱቁን በር አልፎ ሄደ። ስኪት እንኳ ብርጭቆውን ይዞ መጣ።

"ወረፋህን ጠብቅ፣ ጌታው! የገማ ውሃ ለሁሉም ይደርሳል!"

ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። ዩዶራ እንዲህ የተደሰተችበት ቀን ትዝ አይላትም።

ቀና ስትል ግን ቪዮላን አየቻት፤ በዚያ ሐሩር ፊቷን በመሀረብ ትጠርጋለች። ዩዶራ አግዳሚ ወንበሯን ገፋ አድርጋ የጥላውን እኩሌታ ለቀቀች።

"ቪዮላ!" ብላ ተጣራች። "ባልዲሽን ይዘሽ ነያ! እዚያ ትጠበሻለሽ እንዴ?"