ዘጠኝ ቁጥር ዱላ

«ባንዲራው ሥር! እዚያው የጎልፍ ጉድጓዱ ባንዲራ ሥር ነው ኳሷ ያረፈችው!» አሉ ጋሽ ኃይለመለኮት፣ አሁን ለገቡት ለቀስተኞች። የዕድሩ ሊቀ መንበር ናቸው፤ ወሬ ሲያወሩ እጃቸውም አብሮ ያወራል። «መርዕድ እንዲያ አድርጎ መትቶ፣ ቦርሳውን አንግቶ ወደ መኪናው ሲሄድ ወደቀ። እንዲህ ያለ አሟሟት ለማን ይሰጣል?»

«ታድሎ!» አለች አንዷ ሴትዮ።

አሰፋሽ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ከትናንት ጀምሮ ይህን ወሬ ስትሰማ ስድስተኛዋ ነው። በተወራ ቁጥር ኳሷ ትንሽ ትንሽ እየተጠጋች መጥታ አሁን ባንዲራው ሥር ደርሳለች። ውሸት ነው። ውሸቱን የጀመረችው ደግሞ ራሷ ናት።

አሌክሳንድሪያ ያለው ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያን በመጡ ተጣጣፊ ወንበሮች ታጭቋል። ሰው ቆሞ ሳለ እንኳ በመስኮቱ በኩል ያለችውን የሟቹን ባሏን የመርዕድን ወንበር የሚደፍር አልተገኘም። የጎልፍ ቦርሳው በር ጀርባ ተደግፎ፣ አንዱ ሳያውቅ ካፖርቱን ጥሎበታል። ልጃቸው ዮዲ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፗን ከፍታ የአባቷን የሕይወት ታሪክ ትጽፋለች። ቀብሩ ነገ ነው፤ የሚያነቡት ጋሽ ኃይለመለኮት ናቸው።

«ዮዲዬ፣ ያቺን ነገር አስገባሻት? የመጨረሻዋን ኳስ?»

«የስ ጋሼ። መጨረሻ ላይ ነው ያደረግኳት። ኢትስ ቢዩቲፉል።»

አሰፋሽ ሰማቻት። ሦስት ዓመት ሙሉ እሷ ያለችውን ብቻ አምኖ የኖረ ሰው፣ ነገ ሬሳ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ውሸቷ ሊነበብበት ነው!

መርዕድ ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ነድቷል። ኋላ ግላኮማ ያዘውና የዓይኑን ብርሃን ከዳር ከዳር እየበላ ጨረሰው። መንጃ ፈቃዱን አስረከበ። «ጎልፌን ግን ማንም አይወስድብኝም» አለ። ጎልፍ! ድፍን ሀበሻ የሀብታም ጨዋታ እያለ የሚያሾፍበትን እሱ ከወዳጁ ከጀላልዲን ጋር ርካሽ ሜዳ ፈልጎ ሱስ አድርጎት ነበር። ጀላልዲን የማይመችው ቀን ሲበዛ ዓይን መሆኑ ለአሰፋሽ ወደቀ። ርቀቱን ትነግረዋለች፣ ትከሻውን ይዛ ታዞረዋለች፣ ዱላ ትመርጥለታለች። ቁጥሩ ያለው ኳሷን በሚመታው የዱላው ብረት ላይ ስለሆነ፣ እሷ ብረቱን ይዛ እጀታውን መዳፉ ላይ ታስቀምጥለታለች። እሱ ይመታል።

«ቁጥሩ ሲያንስ ኳሷ ትርቃለች፤ ሲበዛ ወደ ላይ ትወጣና ቅርብ ትወድቃለች» ብሎ ነበር ያስተማራት። «ባንዲራው ካለበት ሣር ፊት ለፊት ውሃ ካለ፣ ሁሌም የሚርቀውን ስጪኝ። አልፋ አሸዋ ውስጥ ብትገባ እናወጣታለን። ውሃ ከገባች ግን በቃ፣ ሄደች።»

እሷም ተማረች። አንድ ቀን አሳስታው አታውቅም፤ እስከ ቅዳሜ ድረስ።

ቅዳሜ ጠዋት አሰፋሽ ከአረጋውያን መጦሪያው የመጣችው ደብል ፈረቃ ሠርታ፣ አሥራ ስድስት ሰዓት ቆማ ነው። መርዕድ ጫማውን አድርጎ በር ላይ ይጠብቃታል። «ዛሬ ይቅርብን» ማለት አቃታት። አሥራ አራተኛው ጉድጓድ ሲደርሱ እግሯ አልታዘዝ አላት። ከፊታቸው ኩሬ፣ ከኩሬው ማዶ ባንዲራው። መቶ አርባ ያርድ፤ ሰባት ቁጥር። እንደ ስሟ ታውቀዋለች። ግን ገና አራት ጉድጓድ ይቀራል። «ውሃ ትግባና ተናዶ እንሂድ ይበል» አለች በሆዷ። ዘጠኝ ቁጥሩን መዝዛ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

መርዕድ ቆየ። አውራ ጣቱ እጀታው ጫፍ ላይ ሲመላለስ አየችው።

«አሰፉ፣ እርግጠኛ ነሽ?» አላት። በሦስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ጠይቋት አያውቅም።

«አዎ አልኩህ! ምታ በቃ!»

መታ። ቆንጆ አድርጎ መታ። ኳሷ ሽቅብ ወጥታ ኩሬው መሃል ጯ ብላ ገባች። ድምፁን እሱም ሰማው።

«ነፋስ ነው» አለችው።

«ይሁን» አለና ፈገግ አለ። «በይ እንሂድ፣ ደክሞሻል።»

መኪናው ጋ ሳይደርሱ ወደቀ። ልብ ነው አሉ ሐኪሞቹ፤ አልጋው ላይም ቢሆን አይቀርለትም ነበር አሉ። አሰፋሽ ይህን አምናለች። የሚያቃጥላት ሌላ ነው። ዓይንህ ነኝ ብላ፣ በመጨረሻዋ ቀን አታለለችው።

ትናንት ጠዋት ጀላልዲን ከሲልቨር ስፕሪንግ መጥቶ ደረቱን እየደቃ ሲገባ፣ «የመጨረሻ ኳሱ የት አረፈች? እሷን ንገሪኝ!» አላት። አፏ «ባንዲራው አጠገብ» አለ። ሰውየው እያለቀሰ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ወሬውን የሚመልሰው ጠፋ።

ዮዲ ላፕቶፗን ይዛ መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች። «ማሚ፣ መጨረሻውን ላንብብልሽ?» አለችና በቀስታ ጀመረች። «‹የመጨረሻ ኳሱን፣ ውድ ባለቤቱ በመረጠችለት ዱላ መትቶ…›»

«አጥፊው!»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደሷ ዞረ።

«ማሚ፣ ዋት?»

«አጥፊው አልኩሽ! ውሃ ውስጥ ነው የገባችው! ሰባት መሆኑን እያወቅሁ ዘጠኙን ሰጠሁት። ቶሎ ቤቴ ገብቼ ልተኛ ብዬ! በኔ ዓይን የሚያይ ሰው… አታለልኩት። ይህን ጻፊ!»

«ተይ አሰፋሽ፣ ሐዘን ነው የሚያናግርሽ» አሉ ጋሽ ኃይለመለኮት።

«ሐዘን አይደለም ጋሼ! አይሸንግሉኝ!»

ጀላልዲን ከተቀመጠበት ተነሣ። ቦርሳው ላይ የተጣለውን ካፖርት አንሥቶ፣ የብረቶቹን ቁጥር እያየ አንዱን መዘዘና ይዞላት መጣ። ብረቱን እሱ ይዞ እጀታውን ለሷ ሰጣት። ሦስት ዓመት ሙሉ የዚህን ዱላ እጀታ ጨብጣው አታውቅም።

«ጫፉን ዳስሺው» አላት።

ዳሰሰችው። ላስቲኩ ዙሪያውን ተሸርክቷል። ጭረቶቹን በአውራ ጣቷ ቆጠረች፤ ዘጠኝ።

«እኔ ነኝ በምላጭ የቆረጥኩለት፣ ሁሉንም በየቁጥራቸው። ብቻውን ሲለማመድ እንዳይቸገር ብሎ ነው። አላመነኝም ብላ ትቀየመኛለች ብሎ፣ ላንቺ እንዳልነግርሽ አስምሎኛል።» ወደ ዱላው ጫፍ አመለከተ። «አሰፉ፣ መርዕድ አውቋል። ወላሂ፣ አውቆ ነው የመታው።»

ሊያጽናናት ነበር፤ ምስኪን። አሰፋሽ ግን ያ አውራ ጣት እጀታው ጫፍ ላይ ሲመላለስ ታያት። እርግጠኛ ነሽ ያላት ስለ ኩሬው ስፋት አልነበረም። የምትመልስበት ጊዜ ሰጥቷት ነበር። እሷ ምታ አለችው፤ እሱም መታላት።

«ወይኔ!» አለች፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ። «ወይኔ መርዕዴ! ደክሞኛል ብልህ ምን ነበረበት! ምነው ብትቆጣኝ! ምነው ዘጠኝ ነው ብለህ ብትወረውረው!»

ሴቶቹ አብረዋት አነቡ። ዮዲ እያለቀሰች መጨረሻውን አጠፋች። ጋሽ ኃይለመለኮት «ታዲያ ነገ ምን ልበል?» ሊሉ ከጅለው ተዉት።

አሰፋሽ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች። ቦርሳው ጋ ሄዳ ብረቶቹን አንድ በአንድ አየችና ሰባት ቁጥሩን መዘዘች። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላት። መስኮቱ አጠገብ ካለችው የመርዕድ ወንበር ፊት ቆማ፣ ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ እጀታውን መዳፉ ይሆንበት በነበረው ከፍታ ላይ ዘረጋችለት።

«እንካ» አለች።

ክንዷ እስኪዝል ድረስ ዘርግታ ጠበቀች።