አሥራ ሁለት ዙር

ዶክተር ሣህለ ማርያም ብስክሌቱን የፈታታው በ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. ጥር ውስጥ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ቢቸና ውስጥ ከእሱ ብስክሌት ሌላ ብስክሌት አልነበረም። የፈታታው ለጎማዎቹ ሽቦዎች ሲል ነው። ሰው ሐኪሙ አበደ አለ፤ እኔም ብያለሁ። እኔ በላቸው እባላለሁ፤ ያኔ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነበርኩ። ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋትና የዶክተሩን ነገር ለባላገር ማስረዳት የእኔ ሥራ ነበር። በተለይ ማስረዳቱን እችልበታለሁ እያልኩ እመካ ነበር። የቄስ ልጅ ነኝና ያገሬን ሰው በአፉም በልቡም አውቀዋለሁ ባይ ነበርኩ።

ዶክተሩ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ውጭ አገር የተማረ፣ ቀጭን ሰው ነው። ከውልደት ጀምሮ የተቆለመመን እግር ቀስ በቀስ የሚያቃና ብረት በራሱ አሳብ ነድፎ ነበር። ነገሩ ሁለት የብረት ቀለበት ነው። አንዱ ቅልጥም ላይ፣ ሌላው እግር ላይ ይገባል፤ ሽቦዎቹ አጥንቱን በስተው ያልፉና ከቀለበቱ ጋር ይታሰራሉ። ሁለቱን ቀለበቶች ሦስት ረጃጅም ብሎኖች ያገናኟቸዋል። ብሎኖቹን በመፍቻ አንድ ዙር ሲያዞሯቸው እግሩ የፀጉር ያህል ይቃናል። በየቀኑ አንድ ዙር፣ በስድሳ ቀን ስድሳ ዙር፣ ከዚያ ሰው በውስጥ እግሩ መሬት ይረግጣል።

ብረቱን የቀጠቀጠው የከተማችን ብረት ሠሪ ወልደ ኪዳን ነው። ሥራውን ሲያስረክብ ቀለበቱን በጣቱ እያሻሸ ለዶክተሩ፣ «ብረት ቀስ ካሉት ይታጠፋል፣ ከቸኮሉበት ይሰበራል። የሥጋውን እርስዎ ያውቃሉ» አለው። ዶክተሩ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ለምን እንዳልሳቅኩ ግን ያኔ አላወቅኩም።

የመጀመሪያው ሰው የሞጣው ደምለው ሆነ። ዕድሜው ሃያ ሁለት ነው፤ ደብረ ወርቅ አቋቋም ይማር ነበር። ድምፁ ያማረ፣ ትምህርቱ የሰላ ልጅ ነው፤ ቀኝ እግሩ ግን ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚረግጠው በቁርጭምጭሚቱ ነበር። ማኅሌት ሲቆም ጓደኞቹ መቋሚያቸውን ይዘው ሲያሸበሽቡ እሱ ግድግዳ ተደግፎ ያዜማል። ለዶክተሩ የነገረው ይህንኑ ነው። መዳን ማለት ለእሱ መሮጥ ወይም ማረስ አልነበረም፤ እንደ ሰው በሁለት እግሩ ማሸብሸብ ነበር። ይህን ሲናገር እናቱ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ባላቸው የሞጣ ጊዮርጊስ አገልጋይ ነበሩ፤ ሲሞቱባቸው መነኮሱ፤ የቀራቸው እሱ ብቻ ነው።

በየካቲት አጋማሽ ዶክተሩ ጅማቱን ቆርጦ ሽቦዎቹን አስገባ። ደምለው ሁለት ሳምንት ከእኛ ዘንድ ተኛ። አልጋችን ስድስት ብቻ ስለነበረ ከዚያ በኋላ ወደ ሞጣ እንዲመለስ፣ እናቱ ብሎኖቹን እንዲያዞሩለት ተወሰነ። ዶክተሩ ነገሩን ለእኔ ሲነግረኝ ሁለት ጊዜ ደጋገመው፤ በቀን አንድ ዙር፣ ከዚያ አይበልጥም፤ አጥንቱ ቢታገሥ የደም ሥሩ አይታገሥም። እኔም ለእማሆይ አስረዳሁ። ቁጥር እንዳይጠፋባቸው ብዬ መቁጠሪያቸውን ተቀበልኩና ቀይ ክር አሰርኩበት። አንድ ዙር ባዞሩ ቁጥር ክሩን አንድ ፍሬ እንዲያሻግሩት፣ ወሩ ሲያልቅ ሠላሳኛው ፍሬ ላይ እንዲያደርሱት ነገርኳቸው። ዶክተሩ መቁጠሪያውን ባየ ጊዜ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በቀን አንድ ያልኩትን ረስተው ሠላሳውን ብቻ ይይዛሉ ብዬ በፍጹም አልጠረጠርኩም።

ማዞሩ መጋቢት አንድ ቀን ተጀመረ። ሚያዝያ አንድ ቀን ለክትባት ሥራ ሞጣ ስሄድ እቤታቸው ገባሁ። እግሩ ተቃንቷል፤ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ተረከዙ ወደ መሬት ወርዷል። ቀይዋ ክር ሠላሳኛው ፍሬ ላይ ነበረች። ደምለው ግን ከስቷል። ሰኞ ሰኞ እንደሚከፋበት፣ ጣቶቹ ጠቁረው እስከ ማክሰኞ እንደማይመለሱ ነገረኝ። ለምን ሰኞ ብዬ ስጠይቅ እማሆይ ደስ እያላቸው መለሱልኝ።

«ቅዳሜና እሑድ ሰንበት አይደለም፣ ልጄ? በሰንበት ብረት እይዛለሁ እንዴ! የሁለቱን ሰኞ እሞላዋለሁ። የአቦንም፣ የሚካኤልንም፣ የማርያምንም እንዲሁ በማግስቱ። አንዱንም አላጎደልኩ።»

እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ። አፌ ላይም መጥቶ ነበር። ነገር ግን ፊታቸውን አየሁ፤ እናቴም ብትሆን እንደዚያው ታደርግ ነበር። አባቴ በበዓል ቀን ምሳር ያነሣን ሰው ከደጃቸው ያባርራሉ። ደግሞስ እግሩ እየዳነ አይደል? መነኩሲትን በሰንበት ሥራ ማለት ከበደኝና «ደግ አደረጉ፣ እማሆይ» አልኳቸው። ለደምለው ማስታገሻ ክኒን ሰጠሁት። ቢቸና ተመልሼ ለዶክተሩ ሠላሳው ሙሉ ነው ብዬ ብቻ ነገርኩት፤ የሰኞውን አላነሣሁም። እሱም በደስታ ሥዕሉን አውጥቶ ለሌላ በሽተኛ ሁለተኛ ብረት ይነድፍ ጀመር። ወልደ ኪዳንም ብረት እንዲያዘጋጅ ታዘዘ።

ፋሲካ መጣ። ዶክተሩ ቤተሰቦቹ ዘንድ አዲስ አበባ ሄደ። እኔ አባቴ ዘንድ ደብረ ኤልያስ ወረድኩ። በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ዘመድ ለዘመድ ዞርኩ። የትንሣኤው ሳምንት ቅዳሜ አጥር ስሻገር ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ተቀደደና እኅቴን ፋንታነሽን ስፊልኝ አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። ከጸሎተ ሐሙስ ጀምሮ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ በእኛ ቤት መርፌ ተነክቶ እንደሚያውቅ ጠየቀችኝ። ከተማ ገብቼ እንደ ዶክተሩ እንደሆንኩ፣ ለሐኪም ቤት ሰው በዓል ማለት መንግሥት ቢሮ የሚዘጋበት ቀን ብቻ እንደሆነ እየነገረች አላገጠችብኝ።

እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ወዲያው ግን ሳቁ አፌ ላይ ደረቀ። በጣቴ ቆጠርኩ። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ ፋሲካ፣ ከዚያ የትንሣኤው ሳምንት እስከ ነገው እሑድ፤ አሥራ አንድ። ሰኞ የራሱን ቀን ሲጨምሩበት አሥራ ሁለት። እማሆይ ወለተ ሥላሴ ሰኞ ጠዋት መፍቻውን ያነሣሉ፤ አንዱንም አያጎድሉም።

ያኔውኑ በቅሎ ጭኜ መነሣት ነበረብኝ። ለአባቴ ነገርኳቸው፤ ግማሹን ብቻ፤ አንድ በሽተኛ አለብኝ አልኩ። አባቴ የዳግማይ ትንሣኤን ቅዳሴ ጥሎ መንገድ የገባ ሰው መንገዱ አያምርለትም አሉ። እናቴ አለቀሰች። እኔም ለራሴ ምክንያት አላጣሁም። ደብረ ማርቆስ ብደርስ እንኳ በእሑድ መኪና የለም፤ ሞጣ ልደውል ብል ስልክ ቤቱ ዝግ ነው፤ እማሆይም ቢሆኑ አሥራ ሁለት ባንድ ጊዜ አይደፍሩም፣ ልጁ ሲጮህ ይተዋሉ። እንዲህ እያልኩ እሑድን ዋልኩ። ቅዳሴ ቆሜ ስለ ደምለው እግር ጸለይኩ። እግሬን አንሥቼ መሄድ ሲገባኝ ቆሜ መጸለዬን ዛሬም እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። ያን ቀን በስንት ልመና ቢቸና ደረስኩ፤ ዶክተሩ ገና አልተመለሰም። ማክሰኞ ጠዋት ጨው በጫነ መኪና ላይ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። ቀኑ መድኃኔ ዓለም ነው። ደብረ ወርቅ ስንደርስ የማኅሌቱ ከበሮ ይሰማ ነበር፤ የደምለው ጓደኞች እያሸበሸቡ ነው ማለት ነው። ሾፌሩ ቆሞ ሊሳለም ሲወርድ እጁን ይዤ ለመንኩት። ምን ዓይነት ሰው ነህ ብሎ ገላመጠኝ፤ ወርዶም ተሳለመ።

ሞጣ የገባሁት ከቀትር በኋላ ነው። እማሆይ ደጅ ላይ ተቀምጠው ነበር። ገና ሲያዩኝ ብድግ ብለው መቁጠሪያውን ዘረጉልኝ። ዓይናቸው እንቅልፍ አላየም።

«የሚያዝያው ሃያ ስድስት ገብቷል፣ ልጄ። ትናንት አሥራ ሁለቱንም ሞላሁት። የዛሬው መድኃኔ ዓለም ስለሆነ ለነገ አቆየሁት። ደምለው ግን ከትናንት ማታ ጀምሮ አላመመኝም ይላል፤ ተመስገን።»

የማያም ሥጋ የሞተ ሥጋ ነው፤ መቁጠሪያውን ሳልቀበል አልፌያቸው ገባሁ። ደምለው በጀርባው ተኝቶ ጣራውን ያያል። መቋሚያው ደረቱ ላይ ተጋድሟል፤ እጀታው ላይ ጥርስ በየረድፉ ታትሟል፤ እናቱ ሲያዞሩ ነክሶት ነበር። ጨርቁን ገለጥኩ። እግሩ ቀጥ ብሏል። እንዲያ ያለ ቀጥ ያለ እግር በደህና ሰው ላይ እንኳ አላየሁም። ጣቶቹ ግን እንደ ከሰል ጠቁረዋል፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስም ቀዝቅዟል። መፍቻውን አንሥቼ በመድኃኔ ዓለም ቀን አሥራ ሁለቱንም ዙር ወደ ኋላ መለስኩ። እማሆይ አማተቡ እንጂ አልከለከሉኝም። እግሩን ባሸው፣ በሙቅ ውኃ ብይዘው፣ ደም አልተመለሰም። መርፌ ወጋሁት፤ አልተሰማውም።

«ተቃንቷል አይደል፣ ጋሼ በላቸው?» አለኝ ደምለው።

«ተቃንቷል» አልኩት።

በማግስቱ ቢቸና አደረስነው። ዶክተሩ ከመንገድ እንደመጣ፣ አቧራውን ሳያራግፍ፣ እግሩን አየና ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ሐሙስ ጠዋት ከጉልበቱ በታች ቆረጠው። እኔ ጭኑን ይዤ ነበር። የተቆረጠውን እግር የጤና ጣቢያው ጓሮ የቀበርኩትም እኔ ነኝ፤ ከነቀለበቱ ነው የቀበርኩት፣ ዶክተሩ አውጣው አላለኝም። ወሬው ሲወጣ ከተማው የወልደ ኪዳን ዓይን ነው አለ። ብረት ሠሪው ዕቃውን በአህያ ጭኖ ወደ ግንደወይን ተሰደደ።

ዓርብ ዕለት ዶክተሩ እማሆይን ወደ ቢሮው አስጠራቸው። እኔ በር አጠገብ ቆሜያለሁ። ሰውየው ቁጡ አልነበረም። በቀን አንድ እንደተባለ እንደሰሙ ጠየቃቸው። ሰምቻለሁ አሉ። ያለፈን ቀን በሌላ ቀን መሙላት ማን እንደነገራቸው ጠየቃቸው። ከዚያ ድምፁ ከፍ አለ።

«ማን ፈቀደልዎት?»

እማሆይ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ረጅም አስተያየት ነው፤ ለመናገር ጊዜ ነበረኝ። «ደግ አደረጉ» ያልኩትን ሁለታችንም እናስታውሳለን። ዶክተሩ ወደ እኔ አልዞረም፤ እኔን የሚጠረጥርበት ምክንያት አልነበረውም። ዝም አልኩ።

«ማንም አልፈቀደልኝም፣ ጌታዬ» አሉ እማሆይ። «ከራሴ ነው ያመጣሁት። ይህ ሰው ደጋግሞ ነግሮኝ ነበር።»

ዶክተሩ መዝገቡን ወደ እኔ ገፋው። የቄስ ልጅ ስለሆንኩ የእጅ ጽሕፈቴ ያምራል፤ የጤና ጣቢያው መዝገብ በሙሉ በእኔ እጅ ነው የተጻፈው። እሱ እየነገረኝ፣ እማሆይ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ ቃል በቃል ጻፍኩት፦ «አስታማሚዋ የተሰጣትን ትእዛዝ ባለመከተሏ።» ቀይዋ ክር ሃያ ስድስተኛው ፍሬ ላይ እንደታሰረች ነበር። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቄ መዝገቡን ዘጋሁት።