የሬዲዮኛው ሳምንት

«ቦታ ስጡት፤ ዕቃ ይዟል!» አለ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው ጎረቤት፣ ታክሲ ነጂው። ለቅሶ ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። አሳታሚው በሁለት እጁ ያቀፈውን ጥቅል ይዞ በወንበሮቹ መካከል ተሹለክልኮ የሟቹ እህት ፊት ደረሰና ጎንበስ አለ።

«ጽናቱን ይስጥዎት። ትናንት ነው ከማተሚያ ቤት የወጣው። እሳቸው ሳያዩት…» ብሎ ጥቅሉን አቀበላት።

እህትየው፣ ጡረታ የወጣችው የሰዋስው አስተማሪ፣ ወረቀቱን ፈታችው። ሰማያዊ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ጡብ የሚያክል መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ ላይ የታሪኩ ጀግና፣ ሻምበሉ፣ ቆቡን አዘንብሎ ቆሟል። በየሳምንቱ ጋዜጣ ላይ አንድ አንድ ገጽ እየወጣ አሥራ አንድ ዓመት የዘለቀው የወንድሟ የጦር ሜዳ የሥዕል ታሪክ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ጥራዝ።

ሳትገልጠው ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሦስት ቀን ሙሉ እንባ ጠብ አላላትም። «ደንግጣ ነው» ይላሉ አንዳንዶቹ ሴቶች በሹክሹክታ፤ «የድሮው ኩርፊያ አልወጣላትም» ይላሉ ሌሎቹ።

ወንድምጋሼ ወታደር ሆኖ አያውቅም። መርፌ ሲያይ ራሱን የሚስት ሰው ነበር። ታንክ ሲስል ግን ብረቱ ይሸታል። የእጅ ጽሑፉ የዶሮ ጭረት ስለሆነ፣ እሷ አስተምራ ስትመለስ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከጎኑ ተቀምጣ ወታደሮቹ የሚናገሩትን በጥቁር ቀለም ትጽፍለት ነበር። በመትረየስ ድምፅ ብቻ ስንቴ ተጨቃጭቀዋል!

«ጣ፣ ጣ፣ ጣ ነው» ይላል።

«እሱ የጽሕፈት መኪና ነው። ድ-ድ-ድ-ድ በል።»

«አንቺ ደግሞ መትረየስ የት ሰማሽ?»

«አንተስ?»

ሳቃቸው እናታቸውን ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳትና ሁለቱንም ትቆጣቸዋለች።

ከወታደሮቹ ሁሉ እሷ የምትወደው ሬዲዮኛውን ነበር፤ ጥይት እየዘነበበት የሚቀልድ ቀጭን ልጅ። ቀልዱን የምትፈጥርለት ራሷ ናት። አንድ ቀን ታዲያ ወንድሟ በእርሳስ የነደፈውን አዲስ ገጽ ዘረጋላት። ሬዲዮኛው ሞቷል።

«ጦርነት ነው፣ እህትዓለም። ሁሉም ይተርፋል እንዴ?»

«አባታችን ዘምቶ በዚያው መቅረቱ አይበቃም? ወረቀት ላይ እንኳ አንድ ሰው ይትረፍ!»

ብዕሩን ወርውራ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ያንን ጋዜጣ በእጇ አልነካችም። ሠላሳ ዓመት እየተጠያየቁ፣ በኋላም ሲታመም እያስታመመችው ኖሩ። ስለ ሻምበሉ ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም።

ታክሲ ነጂው አንገቱን አሰገገ። «እትዬ፣ ያቺ ሬዲዮኛው የተረፈባት ገጽ አለችበት? ተማሪዎች እያለን በደስታ ጮኸን ከክፍል ተባረንባታል እኮ።»

«ማን ተረፈ?»

«ሬዲዮኛው ነዋ!»

«እሱማ ሞቷል።»

«ኧረ የት ሞተ! ሻምበሉ ተሸክሞ አወጣው እንጂ።»

አሳታሚው ገጹን ፈልጎ ገለጠላት። «ይቺን እንኳ ፊደሏን እናስተካክል ብለን ነበር። ‹እህቴ ያኮረፈችበት ሳምንት ነው፤ እንዳትነኩት› አሉን።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«እኔም ጠይቄያቸው ነበር። ‹ጋዜጣውን ስታይ ትመጣለች ብዬ ጠበቅኋት፤ ቀኑ ሲረዝም ደግሞ አፈርኩ› አሉ።»

መነጽሯን አደረገች። ሻምበሉ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ይራመዳል። ሬዲዮኛው ጀርባው ላይ ነው፤ ዐይኑ ተገልጧል። ከራሳቸው በላይ፣ መስመር በሚስት የተንሻፈፈ ፊደል፣ «አይዞህ፣ ተሸክሜህ እሄዳለው» ይላል።

«‹ለሁ› ነው እንጂ ‹ለው› አይደለም፣ ወንድምጋሼ» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ፤ እንባዋ መንታ መንታ ሆኖ ወረደ።

ሴቶቹ ሊይዟት ተነሡ። እሷ ግን መጽሐፉን ከእንባዋ አራቀችና፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ ይመስል፣ ቀስ ብላ እፍ፣ እፍ አለችበት።