ኑሪ ስትቀጥን

በደቡብ ኮሪያዋ ደጉ ከተማ የኑሪ ዘመዶች ሰላምታ የሚጀምሩት ከወገብ ነው። በየዓመቱ የመኸር በዓል፣ ለሙት አያቶች የቀረበው ማዕድ ገና ሳይነሳ፣ አክስቷ ማልሱን የሩዝ ኬክ እያላመጠች የኑሪን ክንድ ቆንጠጥ ታደርግና ዘንድሮም እንዳልቀነሰች ለቤቱ ታሰማለች። ሌሎቹ ይስቃሉ። እናቷም አብራ ትስቅና የኑሪን ሳህን ቀስ አድርጋ ወደ ሌላ ሰው ታስጠጋዋለች።

ዘንድሮ ግን ማልሱን የምትቆነጥጠው ሥጋ አጣች።

"ኧረ አንቺ ልጅ፣ ምን አድርገሽ ነው? ለእኛም ንገሪን እንጂ።"

ኑሪ ምንም አላደረገችም። ውሃ ይጠማታል፤ የጠጣችው ሁሉ ወዲያው ሽንት ቤት ይወስዳታል። ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ አረፍ ካላለች ቤቷ አትደርስም። የምትሠራው መነጽር መሸጫ ውስጥ ነው፤ ለደንበኞች የምታስነብበው የፊደል ሰሌዳ አሁን ለራሷም ይደበዝዛታል። ይህን ሁሉ ነገረቻቸው። ዘመዶቿ በጥሞና አዳመጡና ውሃ መጠጣት ለሰውነት እንዴት እንደሚበጅ ተወያዩ።

እናቷ ጊዜ አላጠፋችም። የትዳር አገናኟ ወይዘሮ ፒዮ አምና ኑሪን አይታ፣ ፊቷ ጥሩ ነው፣ ሌላውን ቀንሰሽ አምጪያት ብላ መልሳት ነበር። አሁን በደስታ ተቀበለቻትና ለትዳር የሚሆን አንድ የጥርስ ሐኪም አገኘችላት፤ ለቅዳሜም ቀጠሮ ያዘችላቸው። ኑሪ መጀመሪያ ልታከም ስትል እናቷ ደነገጠች።

"ከቅዳሜ በኋላ፣ የኔ ልጅ። ሄድሽ ማለት መድኃኒት ሰጡሽ ማለት ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ያወፍርሻል። ከዚያ ማን መልሶ ያቀጥንሻል?"

እናቷ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ እምቢ ማለት ይቀል ነበር። ደግሞም ኑሪ አዲሱን ቀሚስ ስትለብስ ዚፑ ያለ ትግል ሲዘጋ ደስ ብሏት ነበር። ኋላ ላይ ከሁሉም አብልጣ የናቀችው ይህን ደስታዋን ነው።

ቅዳሜ በሆቴሉ ካፌ ናምጉንግ የሚባለው የጥርስ ሐኪም ከዚህ በፊት ስላገናኙት ሴት አወራት። ሴትዮዋ ከፎቶዋ ሰፋ ብላ መምጣቷን አሁንም ይቅር አላላትም። እሱ ራሷን የምትጠብቅ ሴት ያከብራል። ኑሪ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ አፏ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሲመረምር የሚውለው ሰው ከፊቷ ተቀምጦ ወገቧን ያያል።

ቦርሳዋን አንስታ ቆመች። "ይቅርታ፣ ሐኪም ጋ መሄድ አለብኝ።"

"እኔስ ሐኪም አይደለሁ?" አለ ፈገግ ብሎ።

"አይቻለሁ" አለችውና ታክሲ ፍለጋ ወጣች።

ሆስፒታል ስትደርስ ደሟን መርምረው ስኳር የሌለበት ፈሳሽ ሰቀሉላት። ወጣቷ ዶክተር ስኳር በሽታ እንደሆነ፣ ትንሽ ብትዘገይ ልትሞት ትችል እንደነበር፣ ከእንግዲህ ኢንሱሊን በየቀኑ እንደምትወጋ ነገረቻት። እናቷ መጥታ ከልቧ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ መርፌው ያወፍራት እንደሆነ ጠየቀች። ዶክተሯ፣ ሕመሙ የወሰደባት ክብደት ይመለሳል፣ መመለሱም ጥሩ ነው አለች። እናት ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ታዲያ መጠኑን ቀነስ ብታደርጉላትስ? እስከ ሠርጉ ብቻ።"

የመለሰችው ኑሪ ናት።

"እማዬ፣ ውጪ ጠብቂኝ።"

"ለአንቺው ብዬ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። ውጪ።"

እናቷ ወጣች። ኑሪ ስለ መድኃኒቷ ከራሷ በቀር ለማንም ምንም እንዳይነገር ለዶክተሯ አስታወቀች፤ ለእናቷም ቢሆን። በበሩ መስታወት በኩል እናቷ ስልኳን አውጥታ፣ ጎንበስ ቀና እያለች ለወይዘሮ ፒዮ ይቅርታ ስትጠይቅ ትታያለች። ኑሪ ፊቷን አዞረችና መርፌው እንዴት እንደሚያዝ እንዲያሳዩአት ጠየቀች።