ያልተከፈቱት ሦስት ካርቶኖች

የማንበብ ማስተማሪያ ናሙናዎች በሦስት ካርቶን ወደ ትምህርት ቤታችን መጡ። አንዱን መርጠን ሁለቱን መመለስ ነው። ችግሩ፣ የተከፈተ ካርቶን አይመለስም። ስለዚህ ለልዩ ፍላጎት ክፍሌ የሚሆነውን በክዳኑ እንድመርጥ ተጠየቅሁ። ሐብሐብ እንኳ መታ መታ ተደርጎ ነው የሚገዛው።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ርዕሰ መምህሩ፣ እኔና የንብረት ክፍሉ ጋሽ ቁልፍ። ጋሽ ቁልፍ ያልናቸው እኛ ነን፤ እሳቸውም ወደውታል። በግቢው ውስጥ ስሙ ያልተለጠፈበት ዕቃ የለም። በወፍራም ማርከር "ወንበር"፣ "ባልዲ"፣ "በር" ብለው ይጽፋሉ፤ በር መሆኑን የሚጠራጠር ያለ ይመስል። አንዳንዱ ላይ ትእዛዝም ይጨምራሉ።

እኔን ያስጨነቀችኝ ሹሟ ናት። ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሁሉን ሰው ስለምታዝ ሹሟ አልናት። ሁለት ዓመት አስተምሬያት አንድ ቃል አላነበበችልኝም። እስከ መንፈቀ ዓመቱ ማብቂያ ካላነበበች ቦታዋ ለሌላ ልጅ እንደሚሰጥ ርዕሰ መምህሩ ለእናቷ ነግረዋቸዋል። የቀረን ስድስት ሳምንት ነው።

ርዕሰ መምህሩ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አነሷቸው።

"ይሄኛው ይከብዳል፤ ብዙ ነገር ቢኖረው ነው።"

"ያኛው መደርደሪያዬ ላይ ልክ ይገባል" አሉ ጋሽ ቁልፍ።

"ልጆቹስ?" አልኩ።

"ልጆቹ መደርደሪያ ላይ አይገቡም" አሉ፣ ከልባቸው።

ደሜ ፈላ። ወጥቼ ሹሟን ይዣት መጣሁ፤ የምንመርጠው ለማን እንደሆነ ይዩ ብዬ። ሹሟ ማንንም ሰላም አላለችም። ቀጥ ብላ ወደ አንዱ ካርቶን ሄደችና ጋሽ ቁልፍ የለጠፉት ወረቀት ላይ ጣቷን አሳረፈች።

"መክፈት... ክልክል... ነው።"



"ሰምታው ይሆናል" አሉ ርዕሰ መምህሩ።

ጋሽ ቁልፍ ከደረት ኪሳቸው ማርከር አወጡ። "ባልዲ" ብለው ጽፈው አሳዩዋት። "ባልዲ" አለች፤ ወጥታም ባልዲ ይዛ መጣች። "ወንበር" ጻፉ። አነበበችና ርዕሰ መምህሩን አስነስታ ወንበሩን ለጋሽ ቁልፍ አመጣችላቸው።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየበሩ ቆማ ወረቀቱን በጣቷ ስትከተል፣ "ነይ ወደ ትምህርትሽ" እያልኩ እጇን የምጎትተው እኔ ነበርኩ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለካ ለእኔ ነው። አፈርኩ።

ካርቶኖቹ ሦስቱም ሳይከፈቱ ተመለሱ፤ ጋሽ ቁልፍ እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም። ቃለ ጉባኤው ላይ "የተመረጠው ማስተማሪያ" ከሚለው ፊት ለፊት "ማርከር፣ ወፍራም" ብዬ ጻፍኩ። ርዕሰ መምህሩ እንደቆሙ ፈረሙ።

በመውጫ ሰዓት የሹሟ እናት የግቢው በር ጋ ቆመው ነበር። ሲያዩኝ ፊታቸው ጠቆረ፤ እስከ ዛሬ የማናግራቸው ለክፉ ወሬ ነው። ሹሟ እጃቸውን ይዛ በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ አሳረፈችው።

"በር... ዝጉ" አለች።

እናቷ ፊደል አልቆጠሩም። ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ።

"እውነቷን ነው?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"እውነቷን ነው።"

እጃቸውን ከወረቀቱ ላይ አላነሱም። ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ።

"ሌላስ ምን ይላል?"

"ዝጊ ነው የሚልሽ፣ እማዬ" አለች ሹሟ።

ወጡና እናትየው በሩን ዘጉ።