በእማማ አስካለች ግድግዳ ላይ ስምንት ቁጥር

ከጥዱ ጫካ ወጥቼ ቁልቁለቱን ስይዝ እማማ አስካለች ጣሪያቸው ላይ ቁጢጥ ብለው ቆርቆሮ ይነቅላሉ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ የመዶሻውን ጀርባ ምስማሩ ሥር ሰክተው ያንገጫግጩታል።

ከእንጦጦ ማርያም በታች፣ ጥብቅ ደኑን ዞሮ ወደ ተነሳበት በሚመለሰው የእግር መንገድ ዳር ያሉት ሁለት ቤቶች ብቻ ናቸው፤ የእሳቸውና የጎረቤታቸው የአቶ ጸሐዬ። ከውጭ ከተመለስኩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በደጃቸው ሮጬ ሳልፍ «ዛሬም ጅቡ አልያዘሽም?» ይሉኛል። እኔም «ነገ ይይዘኛል» እላቸዋለሁ። ለምን ተመለስሽ፣ መቼ ትሄጃለሽ፣ ደመወዝሽ ስንት ነው ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም።

ዛሬ ግን ዞር ብለውም አላዩኝም።

«እማማ! ክረምት ሊገባ እኮ ነው! ምን እያደረጉ ነው?»

«ክረምቱ ለእናንተ ይግባ። ለእኔ ዶዘሩ ቀድሞ ይገባል።»

በመዶሻው ወደ ግድግዳው ጠቆሙኝ። ኖራ በተቀባው ጭቃ ላይ ትልቅ ቀይ ስምንት ቁጥር፣ ከአጠገቡም ቀስት ተስሏል።

ወዲያው ገባኝ። ቅድም ባለፍኩት ጥድ ላይ ሰባት ቁጥር አይቻለሁ፤ ከዚያ በፊት ባለው ላይ ደግሞ ስድስት። የአክስቴ ልጅ ሚሊዮን ለእሁድ የጫካ ሩጫ አዘጋጅቷል፤ ኪሎ ሜትሩን ለሯጮች ማመልከቱ ነው። እኔም ተመዝግቤያለሁ።

በዚህ ከተማ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ቀይ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ሰው ቁጥሩን ያያል፣ ያለቅሳል፣ ከዚያ አፍራሹ ሳይደርስ በሩንና ቆርቆሮውን ነቅሎ ያተርፋል። አላውቅም ማለት ቢያምር ትምህርቷን ባሕር ማዶ ለጨረሰችው ለእኔ ነበር። ሚሊዮን ግን ኮተቤ ተወልዶ ኮተቤ ያደገ ነው።

አቶ ጸሐዬ በሩ አጠገብ ቆመው መቃኑን ይዳብሳሉ።

«እኔማ በሩን ለእኔ ትተዪልኛለሽ ወይ ልላት ነው የመጣሁት» አሉኝ ቀስ ብለው። «ዋንዛ ነው። የዛሬ ልጆች እንዲህ ያለ በር አይሠሩም።»

«እኔ ሳልሞት አልቃሽ መጣ!» አሉ እማማ ከላይ። «የአንተን ግድግዳ ያልቀቡት የእኔን በልተው የሚጠግቡ መስሎህ ነው?»

«እማማ፣ ይውረዱ! ይህ የሩጫ ምልክት ነው። ሊፈርስ አይደለም።»

«የምን?»

«የሩጫ። እሁድ ብዙ ሰው በዚህ ይሮጣል። መንገዱ እንዳይጠፋቸው ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ አዩኝ። «ዞሮ ለሚመለስ መንገድ ነው የእኔ ግድግዳ የሚቀባው? ቀስቱንስ አየሽው? ወደ ገደሉ ነው የሚያሳየው። ሯጮቹን ሊገድሏቸው ነው?»

«ወረዳ ሄደው ለምን አልጠየቁም?»

«ጅብን ልትበላኝ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ አለ?»

አንድ ምስማር ነቅለው ወረወሩት። ስልኬን አውጥቼ ሚሊዮን ጋ ደወልኩ፤ እንዲሰሙትም ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«ሀሲ! እየሮጥሽ ነው? ምልክቶቹ ይታያሉ?»

«ስምንት ቁጥር ጋ ነኝ። የሰው ቤት ነው የቀባኸው።»

«አዎ፣ እዚያ ጋ ዛፍ የለም። ግድግዳው ነጭ ስለሆነ ጥርት ብሎ ይታያል ብለን ነው።»

«ማንን አስፈቅደህ?»

«ሰው አልነበረማ። ምን ሆነሻል? ይታጠባል እኮ።»

«እማማ ቤቴ ሊፈርስ ነው ብለው ጣሪያቸውን እየነቀሉ ነው፣ ሚሊዮን!»

ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ የሚያስቅ ነገር የሰማ ሰው ሳቅ ነው የሳቀው።

«ኦ ማይ ጋድ! በቃ ንገሪያታ። ቲሸርት እንሰጣታለን። ላርጅ ይሆናታል?»

«ላርጅ ምንድን ነው?» አሉ እማማ።

«ሰፊ ማለት ነው» አሉ አቶ ጸሐዬ።

«ሰፊስ የእሱ አፍ!»

«ሚሊዮን፣ አሁኑኑ ና» አልኩ። «ካልመጣህ ከአንድ ቁጥር ጀምሬ አንድ በአንድ ሁሉንም አጠፋቸዋለሁ። እሁድ ሯጮችህን ከጫካ ውስጥ ትለቅማቸዋለህ።»

«አበድሽ? መገናኛ ስፖንሰሮቹ ጋ ነኝ እኮ!»

ዘጋሁበት። በጓሮ ካለው ባልዲ ውሃ ቀዳሁና ግድግዳውን በጨርቅ መፈተግ ጀመርኩ። አልታጠበም። ኖራው ተነሣ፣ ጭቃው ተነሣ፣ ስምንቱ ግን ደብዝዞና ሰፍቶ እዚያው ቀረ።

እማማ በመሰላሉ ወርደው አጠገቤ ቆሙ።

«ማይልኝ» አሉኝ። «የሩጫ ነው ብለሽ ማይልኝ።»

«ማርያምን፣ የሩጫ ነው።»

«እሺ። አሁን ደግሞ ሌላ ቀለም አይመጣም ብለሽ ማይ።»

ምን ብዬ ልማል? ስሄድ የማውቀው ሰፈር ስመለስ የለም። የተወለድኩበትን ቤት ፈልጌ አጥቼ በቦታው የቆመውን አጥር ዞሬ ተመልሻለሁ።

«ይህን አላውቅም» አልኩ።

«አየሽ!» ብለው መሰላሉን ወጡ። ምስማሩ ሲነቀል ጮኸ።

ሚሊዮን መኪናውን ዳገቱ ጫፍ ላይ አቁሞ፣ ነጭ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጠ መጣ። ሁለት ቲሸርት ይዟል። ጣሪያው በግማሽ ተገልጧል፤ በክፍተቱ አልጋው፣ ብርድ ልብሱ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችው ሥዕለ ማርያም ይታያሉ። እዚህ ሲደርስ አልሳቀም።

«እማማ፣ በጣም ይቅርታ። የሩጫ ምልክት ነው፤ ከእርስዎ ቤት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።»

«ማል።»

«ማርያምን!»

«ሌላ ቀለምስ አይመጣም?»

«አይመጣም! ማርያምን አይመጣም! ማን እዚህ ድረስ ይመጣል?»

«አንተ መጥተህ የለም እንዴ?»

ሚሊዮን ወደ እኔ ዞረ። ፊቴን አዞርኩበት።

«ለማያውቀው ነገር ማርያምን የሚጠራ ሰው» አሉ እማማ፣ መዶሻውን ወደ እሱ ቀስረው፣ «የማያውቀውን ሰው ቤት ቢቀባ ምን ይገርማል! አፍህን ያዝ! ይህቺ እንኳ ለሁለተኛው አልምልም አለች።» ወደ እኔ ዝቅ ብለው አዩኝ። «አንቺ፣ ለሁለተኛው ስላልማልሽ የመጀመሪያውን አምኜሻለሁ። ያን ቆርቆሮ አቀብይኝ።»

አቶ ጸሐዬ እጃቸውን ከመቃኑ ላይ አነሡ።

ሚሊዮን ቲሸርቶቹን የሚያስቀምጥበት ሲፈልግ ቆየ። «እሱን ጣልና መሰላሉን ያዝ» አልኩት። «ስፖንሰሮቹ እየጠበቁኝ ነው» አለ። «ይጠብቁ!» ጩኸቴ እኔኑ አስደነገጠኝ። መሰላሉን ያዘ።

ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ቆርቆሮው ሲነቀል ተቀዷል፤ ምስማሩ ሁሉ ተጣሟል። እማማ እያቃኑ ያቀብሉኛል፣ እኔ እመታለሁ። ሲስትብኝ «እጅሽን ነው የምትመቺው?» ይላሉ። ይህን ጣሪያ ለክረምቱ ይሁን ለወሩ እንደምመታው አላውቅም። ንዴቴ ግን መዶሻው ላይ ነበር፤ መታሁ፣ ደግሜ መታሁ፣ ምስማሩ ገብቶ ካለቀ በኋላም መታሁ።

«ይበቃዋል» አሉ እማማ። «ቀጣዩን።»