ስድስተኛዋ ሳህን

…አሁን ነው እንግዲህ፣ አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም፣ የሚገርመው እጆቿ ናቸው፣ የሌላ ሰው ይመስል ረግተው ሽጉጡን ይዘዋል፣ ሎሚ፣ ተመልከቺ እስቲ፣ ትላለች ለራሷ፣ ትናንት ቦሌ የገበያ ማዕከሉ በር ላይ የሰው ቦርሳ ስትፈትሽ የዋለች እጅ፣ ይክፈቱልኝ፣ ይለፉ፣ ይክፈቱልኝ፣ ይለፉ፣ ዛሬ ስድስት ክብ ብረት ፊት ቆማለች። ሳህን ነው የሚሏቸው የጥበቃ ልጆች። ስድስት ሳህን ተደርድሮ ምሳ የለም።

ወረቀት ላይ መተኮስ ምኑ ይጥማል፣ ተኩሰሽ፣ ሄደሽ፣ ጎንበስ ብለሽ ቀዳዳ ስትፈልጊ፣ ብረት ግን ወዲያው ይመልስልሻል፣ ትንንን ይልና ወደ ኋላው ይጋደማል፣ ከሳትሽው ደግሞ ዝም፣ ብረት አያባብልም። ያቺ ድምፅ ናት ያሳበደቻት፣ ለሷ ስትል ነው በየሳምንቱ መገናኛ ላይ ታክሲ ተጋፍታ እዚህ ከአያት ጀርባ፣ የአፈር ቁልል ሥር የምትመጣው፣ የምታጠፋትም ያቺው ድምፅ ነበረች፣ አንዱን ትመታና ድምፁን ልስማ ብላ ትቆማለች፣ ሰዓቱ ደግሞ አይቆምላትም። አሰልጣኙ ጋዲሳ ስንቴ ነገራት፣ ሎሚ፣ ድምፁን አትጠብቂ፣ ቃታው ሲለቅ የሽጉጡ ጫፍ ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ የት እንደነበረች ካየሽ መምታትሽን አውቀሻል፣ ዓይንሽ ወደ ቀጣዩ ይሂድ፣ ሱታ፣ ሱታ፣ ይላል በኦሮምኛው፣ ቀስ ብለሽ ፍጠኚ። ቀስ ብሎ መፍጠን ደግሞ ምን የሚሉት ነው አቦ!

ዛሬ ግን የሚገባት ይመስላታል፣ ዛሬ ሁሉም ነገር ያምራል፣ ሰማዩም፣ የባሩዱ ሽታም፣ ያ ጆሮዋን የሚጨመድደው መከላከያ እንኳ። ጠዋት ከጋዲሳ ጋር ሳህኖቹን በመዳፏ ዳስሳለች፣ ፊታቸው ለስላሳ ነው፣ ወደ መሬት ጎንበስ ብለዋል፣ የጥይቱ ፍንጣሪ ወደ አፈር እንዲወርድ። ከተራ ላሜራ የተቆረጠችውን ግን አንስቶ ጣላት፣ ይቺ ጎድጉዳለች፣ የጎደጎደ ብረት የላክሽለትን መልሶ ይልክልሻል ብሎ። ቀልዱን አይደለም፣ ባለፈው አንዲት ቅንጣት ቁርጭምጭሚቷን ነክሳታለች፣ እንደ መርፌ፣ ካልሲዋ ደም ነካ። ዓይን ቢሆንስ? ስለዚህ መነጽር፣ የሚተኩሰውም፣ የሚያየውም፣ ሻይ ይዞ የሚመጣውም።

አንድ ቦታ ነው የቀረው፣ በጥበቃ ድርጅቱ የተኩስ ቡድን ውስጥ አንድ ቦታ፣ ለሀዋሳው ውድድር፣ ለአንድ ሰው አንድ ሙከራ፣ ስድስቱም ከወደቁ ገባች፣ አንዱ ከቆመ ወደ በሯ ትመለሳለች፣ ይክፈቱልኝ፣ ይለፉ። የሚመርጡት ጋሽ ገብረወልድ ናቸው፣ ቡድኑን ያቋቋሙት ሽማግሌ፣ ይመጣሉ ተብለው ቀሩ፣ እንጀምር ተባለ፣ ተዘጋጂ ይላል ጋዲሳ ከኋላዋ፣ ሰዓቱን በእጁ ይዞ፣ ትንፋሽ፣ ጀምሪ!

ነጥቧ፣ ቃታ፣ ሂጂ፣ ነጥቧ፣ ቃታ፣ ሂጂ፣ ወደቀ መሰለኝ፣ አትዪው፣ ሂጂ፣ ድምፆቹ ከኋላዋ እየተንጫጩ ይከተሏታል፣ ሦስት፣ አራት፣ ኧረ ይሄ እኮ ዳንስ ነው፣ ሳቋ ሊያመልጣት ነው፣ አምስት! አምስት፣ እናቴ፣ አምስት! አሁን በስተቀኝ ዳር ያለችው፣ የመጨረሻዋ፣ ዓይኗ ወደዚያ ሲሄድ

በሩ።

የተኩስ ሜዳው በር እዚያው በስተቀኝ ነው፣ ጋሽ ገብረወልድ ገብተዋል፣ ነጭ ጋቢ፣ ከዘራ፣ ፊታቸው ባዶ፣ መነጽር የለ፣ ከሳህኖቹ ጎን ቆመዋል ማለት ይቻላል፣ ጋዲሳም፣ ያ መነጽር መነጽር እያለ ጆሮዋን ያደነቆራት ጋዲሳ፣ መስመሩን ጥሎ ሮጦ መነጽሩን አውልቋል፣ ታዲያስ፣ ዓይኑን ሸፍኖ ሽማግሌ ይስማል እንዴ፣ ጎንበስ ብሎ ትከሻ ለትከሻ፣ እንደምን አደሩ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነህ ልጄ። ወደ አፈር ያልወረደ ፍንጣሪ ወደ ጎን ነው የሚሮጠው። ነጥቧ ሳህኗ መሐል ተቀምጣለች፣ ተኩሺያት፣ አንዲት ጥይት ናት፣ ስንቱ ተተኩሶ ምን ሆነ፣ ሀዋሳ፣ ሎሚ፣ ሀዋሳ! ደግሞስ በሽማግሌ ላይ ይጮሃል? ሽማግሌ ሲገባ ይነሣል እንጂ። ካልሲዋ። ዓይን ቢሆንስ?

ጣቷ ከቃታው ይወጣል። መነጽር! ጋሼ፣ መነጽር ያድርጉ፣ ወደ ኋላ! ድምፅዋ የቦሌው በር ድምፅ ነው፣ ሳይፈተሽ ሊሾልክ ያለን ሰው የምትመልስበት፣ ደንግጣ አፏን ልትይዝ ምንም አልቀራት። ምን አደረግሁ፣ በቃ፣ አለቀ፣ የገዛ እንጀራዬን ረገጥሁ። ስድስተኛዋ ሳህን ቆማ ታያታለች።

ማን ናት የምትጮህብኝ? ጋሽ ገብረወልድ ከዘራቸውን እየተከሉ ይመጣሉ፣ ጋዲሳ ከኋላቸው፣ እጁ ባዶ ፊቱን ሲዳብስ አሁን ገና ገብቶታል፣ ሎሚ ጥይቱን አውጥታ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች፣ እንባዋ ቀርቧል። ስንት ቀረሽ? አንድ፣ ጋሼ። ታዲያ ምነው አልተኮስሽም? ዓይንዎ ባዶ ነበር፣ ጋሼ። ወደ ጋዲሳ ይዞራሉ፣ እኔን ለመሳም ብለህ ተኳሽ ጥለህ መጣህ? ይቅርታ ጋሼ፣ ቆመው ሲጠብቁ ማየት ከብዶኝ ነው። ሰላምታ አያመልጥም፣ ልጄ። ሙከራዋን ያበላሸነው እኛ ነን፣ በል ለእኔም መነጽር ስጠኝ፣ አስጀምራት።

እንደገና ማለት ነው? እንደገና! ደስታው ከእግሯ ተነሥቶ ሲወጣ ይሰማታል፣ ሳህኖቹ ይነሣሉ፣ መስመሩን ዞር ብላ ታያለች፣ ሁለቱም ከኋላዋ ናቸው፣ ያ ትልቁ መነጽር አፍንጫቸው ላይ ተንሸራቶ ጋሽ ገብረወልድን ተማሪ አስመስሏቸዋል፣ እንዳትስቂ፣ ተዘጋጂ፣ ትንፋሽ፣ ጀምሪ፣ ነጥቧ፣ ቃታ፣ ሂጂ፣ ሱታ፣ ሂጂ፣ አራት፣ አምስት፣ ቀኝ ዳር፣ በሩ ጋ ማንም የለም፣ ነጥቧ መሐል ላይ ናት፣ ሎሚ አየቻት፣ ቃታው ይለቃል፣ ጣቷን ታወጣለች፣ ሽጉጡን ዝቅ ታደርጋለች፣ ድምፁን አልጠበቀችም።